ኩርስክ 1943፦ የደቡቡን ግንባር እንዴት ልከላከል?

ጥያቄ፦ ጀማሪው አዛዥ
በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሶቪየትና ጀርመን ኩርስክ ላይ ያደረጉትን ውጊያ በሚያሳይ፣ በየተራ በሚካሄድ የካርታ ጨዋታ የሶቪየትን ወገን ይዣለሁ። ከጁላይ 5 እስከ 16፣ ተራው በቀን አንድ ነው። ሕጉ፦ በአንድ ሄክስ (ባለ ስድስት ጎን የካርታ ቤት) ቢበዛ 3 ክፍል፤ ከጠላት አጠገብ የደረሰ ይቆማል፤ ምሽግ የመከላከያ ነጥብን እጥፍ ያደርጋል፤ 3 ለ 1 ሲሆን ተከላካይ ይለቃል፣ አጥቂው 2 ሄክስ ይገፋል፤ ነጥብ ለነጥብ ሲካፈል የሚተርፈው ክፍልፋይ ይጣላል። ያለኝ 14 እግረኛ ክፍል (እያንዳንዱ 4 ነጥብ)፣ 6 ፀረ ታንክ (3)፣ 5 ታንክ ኮር፣ ማለትም የታንክ ክፍል (5)። የጀርመን ታንክ ክፍል 6 ነጥብ አለው። ምሽግ የሚቆፈርበትን እኔ እመርጣለሁ። ሁሉንም ፊት ስደረድር በ5ኛው ተራ ከኋላ ያለችው የፕሮኮሮቭካ ከተማ ትያዛለች።

ሄክስ ቆጣሪ
ቀጥ ባለ መስመር ላይ ያለ ሄክስ ከፊት የሚነኩት 2 ሄክሶች ናቸው፤ ማለትም ቢበዛ 6 ክፍል፣ 36 ነጥብ። ምሽግ ውስጥ ብቻውን ያለ እግረኛ 8 ስለሆነ በ4 ለ 1 ይለቃል። ፀረ ታንክ ሲጨመርለት 14 ይሆናል፤ 2 ለ 1 ላይ ይቀራል። ሦስተኛ ክፍል ብክነት ነው። ፊት መስመር ላይ በየ3ኛው ሄክስ አንድ ጥንድ አስቀምጥ፤ መሐል የቀሩት 2 ባዶዎች ከአንዱ ጥንድ አጠገብ ስለሚሆኑ ጠላት ሳይቆም አያልፍም። 3 ባዶ ከተውክ ግን የመሐለኛው ክፍት በር ነው።

ዘብ
የ14 ስሌቱና በየ3ኛው ሄክስ ማስቀመጡ፣ ሁለቱ ምክሮች አብረው አይሄዱም። ጎኑ ባዶ የሆነን ጥንድ ጠላት ከ4 ሄክስ ይመታዋል፤ 72 ለ 14 ማለት ነው። ስለዚህ ፊት ላይ 6 እግረኛ ብቻ፣ በየ3ኛው ሄክስ፤ ሥራቸው ቀን መግዛት ነው፣ ያልቃሉ። ዋናው መስመር ከኋላቸው 3ኛው ረድፍ ላይ ይሁን። 2ኛው ላይ ካደረግከው 2 ሄክስ የገፋው ታንክ አፍንጫህ ስር ይቆምና በሚቀጥለው ተራ ወዲያው ይመታሃል። እዚያ 6ቱን እግረኛ ከ6ቱ ፀረ ታንክ ጋር ሳትከፍት ደርድር፤ የምዕራቡን ጫፍ በፕስዮል ወንዝ፣ የምሥራቁን በሰሜናዊ ዶኔትስ ወንዝ አስጠጋ። ጫፉ ወንዝ ካልነካ የ14 ስሌት ይፈርሳል። የቀሩትን 2 እግረኞች ኦቦያን ከተማ ጋ ከፕስዮል ማዶ አኑር።

ጀማሪው አዛዥ
ታንኮቹንስ? በ8ኛው ተራ ሁሉንም አንድ ላይ ልልቀቅ?

ዘብ
ፊት ለፊት እንዳትለቃቸው። 5ቱ ተደምረው 25 ናቸው፤ የተደራረቡ 3 የጀርመን ታንክ ክፍሎች 18። 1 ለ 1 ነው። በእውነቱም ጁላይ 12 የሮትሚስትሮቭ 5ኛ የጥበቃ ታንክ ጦር ፕሮኮሮቭካ ላይ ፊት ለፊት ገብቶ ብዙ ታንክ አጥቷል።

ሄክስ ቆጣሪ
የጎኑን ስሌት ስቼው ነበር፤ ልክ ነህ። ለታንኮቹ ከቤልጎሮድ በኩል ዶኔትስን የሚሻገረውን የጀርመኑን የኬምፕፍን ጦር ጎን ፈልግ። ምሽግ የሌለው የ4 ነጥብ እግረኛ ካገኘህ 3 ኮር ይበቃዋል፦ 15 ለ 4፣ 3 ለ 1። ሁለቱን ከዋናው መስመር ኋላ አስቀር፤ የተሸነቆረ ሄክስ የሚደፍኑት እነሱ ናቸው።