ጉልበታቸውን የታመሙ ጓደኞቻችን ከቡድናችን እንዳይርቁ ምን እናድርግ?

በአዲስ አበባ በአንድ ሰፈር የምንኖር፣ ዕድሜያችን ከ45 እስከ 60 የሚደርስ ወንዶች ቅዳሜ ጠዋት በሰዓት በምንከራየው ሰው ሠራሽ ሣር ሜዳ ላይ እግር ኳስ እንጫወታለን። ከጨዋታው በኋላ ቡና እንጠጣለን፤ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ሥራ ማጣትና ስለ ትዳር ሳንሸማቀቅ የምናወራው እዚያ ብቻ ነው። ችግራችን፣ ጉልበቱን ወይም ቋንጃውን የታመመ ሰው ከሜዳው ሲወጣ ከቡናውም አብሮ መቅረቱ ነው። ባለፈው ክረምት ጉልበቱ ያበጠ አንድ ወዳጃችን፣ ለጥቂት ሳምንታት ቱታውን ለብሶ ከመስመሩ ውጪ ቆሞ ሲመለከት ከቆየ በኋላ ጭራሽ ቀረ፤ ሲደወልለትም «ደህና ነኝ» ከማለት አያልፍም።

ዳኛ እንዲሆን ብንጠይቀው አልወደደውም። እሑድ ወደ እንጦጦ የእግር ጉዞ ብንጀምርም ቁልቁለቱ ጉልበት ለሚያማቸው አልሆነም። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ ቼስተርፊልድ የተጀመረውን፣ መሮጥ የተከለከለበትንና እየተራመዱ የሚጫወቱትን እግር ኳስ ሞከርን፤ ነገር ግን ጤነኞቹ ጎል ሲቃረቡ መሮጣቸውን ሊተዉ ስላልቻሉ፣ የታመሙት ግጭት ፈርተው ወጡ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እኔን ግን ከደቂቃው ይልቅ የሚያሳስበኝ የሰዎቹ ብቻቸውን መቅረት ነው።

ሜዳው የእኛ የሚሆነው ለሁለት ሰዓት ሲሆን አሠልጣኝ የለንም። ተመሳሳይ ቡድን ያላችሁ ወይም በፊዚዮቴራፒ ሙያ የምትሠሩ፣ መሮጥ የሚችሉትና የማይችሉት በአንድ ሜዳ አብረው እንዲጫወቱ የጨዋታውን ደንብ እንዴት ብናወጣው ይሻላል ትላላችሁ?