ማሴ 135 ትራክተር ሞተሩ ይዞራል ግን አይነሳም፤ ሎቤዱ ሌሊት 9 ሰዓት ይመጣል!

የተክልዬ ልጅ፦ በፈጠራችሁ ድረሱልኝ! የአባቴ ማሴ ፈርጉሰን 135 ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ግቢያችን ውስጥ 9 ዓመት ቆሞ ነበር። ግቢውን ስለምንለቅ አሰላ አጎቴ ጋ ልልከው ነው። የሚጭነው መኪና፣ ሎቤዱ፣ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ትራክተሩ የኮብልስቶኗን ዳገት ራሱ ወጥቶ አስፋልት ላይ መድረስ አለበት። ከሶማሌ ተራ ባትሪና ፊልትሮ ገዝቼ ገጠምኩ፣ ዘይት ቀየርኩ፣ 20 ሊትር ናፍጣ ጨመርኩ። ትናንት ተነስቶ 2 ደቂቃ ሠራ፣ አጠፋሁት። ዛሬ ማስነሻው ሞተሪኖ አሪፍ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን ዝም! መካኒኩ «ዋናው የናፍጣ ፖምፓ ሞቷል፣ ይቀየር» አለኝ። የት ይገኛል?

ዳዶ 13፦ ናፍጣ መስመሩ ውስጥ የገባ አየር ነው። አየሩን አስወጣ።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ መጀመሪያ የያዝከውን ዕቃ እወቅ። 135 በፈረንጅ 1964 መጨረሻ ነው የወጣው። ያንተ ናፍጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ባለ 3 ሲሊንደር ፐርኪንስ ነው፣ 2.5 ሊትር፣ የእሳት ተራው 1፣ 2፣ 3። በ60ዎቹ ካዱ የሚባለው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት አርሲ ላይ ሲሠራ ትራክተር በረከተ፤ ባለርስቱ በማሴ ሲያርስ ግን ጭሰኛው ከመሬቱ ተነቀለ። ሞተር ሲነሳ ሁሉም አልጨፈረም ማለቴ ነው። ዛሬ ልጆቹ ቁልፍ ሳይጨብጡ ዕቃ ይገዛሉ።

የተክልዬ ልጅ፦ እሺ ጋሼ፣ እኔ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ነው ያለብኝ።

ሚጢሚጣ፦ ካንዴላውን ቀይረው 😂 ቀልዴን ነው፣ ናፍጣ ካንዴላ የለውም። ትናንት ስታጠፋው የሳብከውን ማጥፊያ መልሰህ ገፍተኸዋል ወይስ እንደ እኔ ባል ጎትተህ ረሳኸው?

ቦሌ ቦይ፦ ቤንዚን የነካ ጨርቅ አየር መሳቢያው ላይ ያዝለት፣ ወይ ኤተር ንፋበት። ወዲያው ይነሳል።

የአሰላው፦ ወንድሜ ይሄን አትስማ! ብዙዎቹ 135ዎች ለብርድ ማስነሻ የሚሆን ግሎ የሚቀላ መጠምጠሚያ አየር ማስገቢያው ላይ አላቸው። እሱ ግሎ ኤተር ካገኘው እዚያው ይፈነዳል። ፖምፓም እንዳትገዛ። ትናንት የሠራ ፖምፓ ሌሊቱን አልጋ ላይ አይሞትም። መልስልኝ፦ ስታዞረው ከማርሚታው ጭስ ይወጣል? ነጭ ጭስ ካለ ናፍጣ ደርሷል ግን አልነደደም። ጭራሽ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም። ደግሞ የ9 ዓመቱን ናፍጣ አራግፈሃል?

የተክልዬ ልጅ፦ ጭስ የሚባል ነገር የለም። ናፍጣውን... ኧረ አላራገፍኩም፣ በላዩ ላይ ነው የጨመርኩት።

ሚጢሚጣ፦ በእናትህ 😂😂

ዳዶ 13፦ አየር ነው አልኩ እኮ።

ቦሌ ቦይ፦ በዚህ ድካም ቤላሩስ አይሻልህም? ድሮ ናዝሬት ሲገጣጠም የነበረው።

የአሰላው፦ ትራክተሩን ሊሸጥ አይደለም የመጣው ሰውዬ። ስማኝ ልጁ፣ ሰርባትዮውን፣ የናፍጣ ታንከሩን፣ አራግፍ፣ ታቹ ያለውን መውጫ በሽቦ ጥረግ። ከሞተሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ፖምፓ በእጅ መግፊያዋ ግፋ። ፊልትሮው አናት ያለውን ብሎን ላላ አድርግ፤ አረፋ ይወጣል፣ ንጹህ ናፍጣ ሲሆን አጥብቅ። ቀጥሎ ዋናው ፖምፓ ላይ ያሉት 2 ትንንሽ ብሎኖች፣ እንደዚያው። መጨረሻ ላይ ወደ ኢንጀክተር የሚሄዱትን 3 ዳዶዎች ላላ አድርገህ ነዳጁን እስከ ጥግ ስጠው፣ አዙር። ፊጭ ፊጭ ሲል አጥብቅ። ሞተሪኖውን ከ10 ሴኮንድ በላይ አትያዘው፣ አሳርፈው።

የተክልዬ ልጅ፦ የእጅ መግፊያዋ ልል ናት፣ ምንም አትገፋም። ፖምፓዋም ሞታለች ማለት ነው?

ጡረተኛው፦ አልሞተችም። ሞተሩ ሲቆም ካምሻፍቱ የፖምፓዋን ክንድ ገፍቶ ይዞት ነው የቆመው፣ ለእጅህ የሚተርፍ ነገር የለም። ሞተሩን አንድ ዙር አዙረውና እንደገና ሞክር። ደግሞ አረፋው አልቋረጥ ካለ የሚስበው ከሰርባትዮ እስከ ትንሿ ፖምፓ ባለው ቱቦ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግፊት ስላለው አየር አይስብም፣ ናፍጣ ያንጠባጥባል እንጂ። መጀመሪያ ይሄን መናገር ነበረብኝ፣ ወሬ ወሰደኝ።

የተክልዬ ልጅ፦ ጋሼ ይባረኩ! አንድ ዙር አዞርኩት፣ መግፊያዋ ከረር አለች። ከሰርባትዮው የጀበና አተላ የመሰለ ነገር ወጣ፣ እጄ ሸተተ። ፊልትሮው ላይ አረፋው አልቋል። ዋናው ፖምፓ ጋ ደረስኩ፣ ባትሪ የምታበራልኝ እህቴ ናት። አሁን ያየሁት፦ ማጥፊያውን ከላይ ገፍቼዋለሁ፣ ፖምፓው ላይ ናፍጣውን የሚዘጋው ክንድ ግን አልተመለሰም፣ ገመዱ ዝጎ ይዞታል። ሚጢሚጣ የጠየቅሽው እሱን ነው እንዴ? ቆይ

ሚጢሚጣ፦ 👀

ዳዶ 13፦ ገመዱን ከክንዱ ላይ ፍታው፣ ክንዱን በእጅህ መልሰው። ሲነሳ ለማጥፋትም በእጅህ ነው፣ እንዳትረሳ። አየሩንም አስወጣ።

የአሰላው፦ ምን ደረሰ ልጁ? ሎቤዱ መጣ?

ሚጢሚጣ፦ ኸረ መልስ!

ጡረተኛው፦ እኔ ጎማ ተራ ነኝ። ሌሊት ወደ 9 ሰዓት ተኩል የሰፈር ውሻ ሁሉ ተነስቶ ነበር፣ ከታች የሆነ ነገር እየጓጎረ ዳገት ሲወጣ። ያንተ ከሆነ ማርሚታህ ተቀዷል።