ሱባ ጫካ ውስጥ የጫማዬ ሶል ተላቀቀ፣ መላ በሉኝ!

ሜሪ፦ ኧረ የምታውቁ ቶሎ በሉኝ! ሶሉ ከተረከዙ ተነስቶ ጣቴ ጋ ብቻ ተንጠልጥሏል። ማጣበቂያ የለንም። ወጨጫ ተራራ ጫፍ ልንደርስ ትንሽ ነው የቀረን። ባትሪዬም እያለቀ ነው።

የሰበታው፦ እንዳትገነጥይው! ከጃኬት ወይም ከቦርሳ ገመድ ፍቺና በሶሉ ሥር አዙረሽ፣ ከላይ አጣምረሽ ቁርጭምጭሚትሽ ላይ እሰሪው። ቋጠሮው ከሥር ከዋለ ድንጋይ ይበላዋል።

ጋሽ አበራ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ የቆምሽበትን እወቂ። እዚያ ያለውን ጽድ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ዘሩን ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ያኔ ሰው ሶል አልነበረውም፣ በባዶ እግሩ ነበር የሚወጣው። የዛሬ ልጅ ግን ጫማ ሳይፈትሽ...

ሜሪ፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ታሪኩን ከወረድኩ በኋላ 🙏

ቲጂ፦ በሱፐር ግሉ ለጥፊው።

የሰበታው፦ ማጣበቂያ የለንም ብላለች እኮ!

ኪያ፦ ጉሬዛዎቹን ጠይቂ፣ ያለ ጫማ ነው የሚኖሩት 😂 ቀልዱ ይቆየንና፣ ትርፍ ካልሲ ካለሽ ከጫማው በላይ አጥልቂው። ሶሉን ይይዘዋል፣ እርጥብ ድንጋይ ላይም አያንሸራትትም። እኔ እንደዚያ ነው የወረድኩት።

ዳኜ፦ ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም። ጫፉን እርሺው። ዳገቱን በታሰረ ጫማ ትወጪዋለሽ፣ ቁልቁለቱ ላይ ግን ጣትሽ ወደፊት ሲገፋ ያሰርሽው ሁሉ ይፈታል። አሁን ስንት ሰዓት ነው? የት ጋ ናችሁ?

ሜሪ፦ 9፡40። ጽዱን አልፈን አስታው ቁጥቋጦ ጋ ነን። ግን ይህን ያህል መጥተን መመለስ ያናድዳል!

ዳኜ፦ ተራራው የትም አይሄድም። በ12 ሰዓት ይጨልማል፣ ጫካው ውስጥ ደግሞ ቀድሞ ነው። በመጣችሁበት ተመለሱ፣ አቋራጭ የሚል ሰው አትስሙ። የመኪናውን መንገድ ካገኛችሁ በሱ ውረዱ፣ ቢረዝምም ለእግርሽ ይሻላል። አንዱ ልጅ ስልኩን ያጥፋና ለክፉ ቀን ይያዘው።

ቲጂ፦ ገመድ ከሌለ ነጠላ ቀደሽ እሰሪበት።

የሰበታው፦ ጫካ ነጠላ ለብሶ የሚሄድ ማን ነው?

ጋሽ አበራ፦ እኛ እንሄድ ነበር።

ኪያ፦ ሜሪ፣ ወረዳችሁ?

ሀኒ፦ ከርዕሱ ልውጣና፣ ቅዳሜ ልንሄድ ነው፣ በቤት መኪና እስከ ውስጥ ይገባል?

የሰበታው፦ ደረቅ ከሆነ ቀስ ብሎ ይገባል። ዝናብ ከጣለ ከሰበታ በኋላ ያለው ጥርጊያ ጭቃ ነው፣ በከፍተኛ መኪና ሂዱ።

ሀኒ፦ ትርፍ ካልሲም እይዛለሁ 😄