ዲዲቲ ለምን ቀረ? እናቴን ምን ብዬ ላስረዳት?

የሐይቅ ዳሯ፦
ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። ሰፈራችን ጣና ዳር ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ትንኙ አያስቀምጥም። ሰሞኑን ቤት ለቤት የወባ ትንኝ መድኃኒት ርጭት አለ ተብለናል። እናቴ ግን "የዛሬው ውሃ ነው፣ እንደ ድሮው ዲዲቲ አይደለም፣ አላስገባም" ብላለች። እውነት ዲዲቲ ያን ያህል ነበር? ከሆነስ ለምን ተዉት?

የኬሚስትሪ መምህር፦
እህቴ፣ እናትሽ ስለ ድሮው ልክ ናቸው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ዲዲቲ በ1874 ተሠርቶ ነበር፤ ነፍሳት እንደሚገድል ግን ማንም አላወቀም። ይህን ያገኘው ፓውል ሙለር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ኬሚስት ነው፣ በ1939፣ ባዝል ከተማ ጋይጊ ኩባንያ ውስጥ፣ ለዓመታት ስንትና ስንት ውህድ ዝንብ ላይ ሲሞክር ከርሞ። የዝንቦቹን ሳጥን በደንብ አጥቦት እንኳ አዲስ የገቡት ዝንቦች ግድግዳውን ሲነኩ ይወድቁ ነበር። ዋናው ነገር ይሄ ነው! የወባ ትንኝ ደም ከጠጣች በኋላ ብዙ ጊዜ ግድግዳ ላይ ታርፋለች። እዚያ ለወራት የማይለቅ መርዝ ካገኛት ወባውን ለሌላ ሰው ሳታደርስ ትሞታለች። ሐኪም ሳይሆን በ1948 የሕክምና ኖቤል የተሸለመው ለዚህ ነው፤ ይገባዋል።

ደምቢያ፦
በ1958 የተነሳው የወባ ወረርሽኝ በአገራችን ወደ 150 ሺህ ሰው እንደገደለ ይገመታል። የኛ ደምቢያ ክፉኛ ከተመቱት አንዱ ነው። ያንን ያየ ትውልድ ዲዲቲን ቢያመሰግን አይፈረድበትም።

ጤና ባለሙያ ነኝ፦
መምህር ጥሩ ገልጸውታል፣ እኔ ለምን እንደቀረ ልጨምር። ያ አለመልቀቁ ራሱ ጣጣ አመጣ። ዲዲቲ ቶሎ አይበሰብስም፤ ወደ ውሃ ከገባ በዓሣ ስብ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከዓሣው ወደሚበላው ይሄዳል። ጣና ዳር ለምንኖር ዓሣ በሊታዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የ2001ዱ ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ለእርሻ ከልክሎ ለበሽታ መከላከያ ብቻ ፈቀደው። እኛ አገር ግን ከዚያም በኋላ ለቤት ርጭት ይውል ነበር፤ ያስቆመው በዋናነት ትንኟ መልመዷ ነው። መድኃኒቱን የተቋቋሙት እየተረፉ፣ እየተዋለዱ፣ በመጨረሻ ዲዲቲ ቢረጭም የማትሞት ትንኝ በዛች። ስለዚህ ኬሚካሉ የተቀየረው አሁን ያለችውን ትንኝ እንዲገድል ነው። ለእናትሽ እንዲህ በያቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ብዙ ሰው ለመስቀል ብሎ ከርጭቱ ማግስት ግድግዳውን ይለስናል፣ መድኃኒቱ ጭቃ ስር ይቀራል፣ ከዚያ "አልሠራም" ይባላል። ልስን ካለ ከርጭቱ በፊት ይለቅ። ምግብና ዕቃ አውጡ፣ ግድግዳው እስኪደርቅ ልጆች አይግቡ። አጎበሩንም አትተዉ።

የሐይቅ ዳሯ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ልስኑንማ ልትጀምር ነበር! ዛሬውኑ እነግራታለሁ። በቆርቆሮ የተሠራ ኩሽናም አለን፣ እሱስ ይረጫል?

ጤና ባለሙያ ነኝ፦
ሰው የሚያድርበት ከሆነ አዎ። ካልሆነም ለረጪዎቹ አሳዪያቸው፣ እነሱ ይወስናሉ።