ክርክር፦ «የተጨፈረበት ካልሆነ አንገዛም» የሚለው የጭምብል ሰብሳቢዎች ልማድ ይቅር ወይስ ይቆይ?

ዋንዛ፦ በመድረካችን ስለ ምዕራብ አፍሪካ የእንጨት ጭምብልና ምስል የተነሣው ጥያቄ እየሰፋ ስለመጣ ይህን ክርክር ለብቻው ከፍተነዋል። ሰብሳቢዎች የዳን፣ የሴኑፎ፣ የባውሌ ወይም የዮሩባ ሕዝቦችን ሥራ ሊገዙ ሲሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ተጨፍሮበታል ወይ?» ብለው ነው። በሥርዓት ላይ ያገለገለ ከሆነ ዋጋው ይሰቀላል፤ ለገበያ የተጠረበ ከሆነ «ሐሰተኛ» ይባላል። ይህ መለኪያ ልክ ነው ወይስ ጉዳት አለው? ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉ፤ የምትሉትንም በማስረጃ ደግፉ።

መሮ፦ ጉዳት አለው፤ ያውም ሁለት ዓይነት። ሌብነትን ይጋብዛል፣ ደህናውን ሥራ ደግሞ በግድ ማጭበርበሪያ ያደርገዋል። ከሁለተኛው ልጀምር። በሰሜን ኮትዲቯር ኮሮጎ ከተማ፣ ኮኮ በሚባለው ሰፈር የሚሠሩ የሴኑፎ ቀራጮች ሙያውን የወረሱት ከአባቶቻቸው ነው። እንጨቱን እርጥብ ሳለ ይይዙታል፤ በትልቁ መጥረቢያ ቅርጹን ያወጡታል፣ በትንሹ ያስተካክሉታል፣ ዓይንና አፉን በቢላዋ ይጨርሱታል። ንጹሕ ሥራ ነው። ገዢው ግን ንጹሑን አይፈልገውም። ስለዚህ ዕቃው ነጋዴው እጅ ሲገባ ሌላ ሥራ ይጀመራል፤ ማስረጀት።

በገበያው የታወቁት ዘዴዎች እነዚህ ናቸው። ፖታሲየም ፐርማንጋኔት በውሃ ተበጥብጦ ይቀባል፤ ሲቀባ ሐምራዊ የነበረው እንጨቱ ላይ ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል። ከምድጃ በላይ ተሰቅሎ በጭስ ይጠቁራል። ምስጥ ያለበት አፈር ውስጥ ይቀበራል። የተኘከ የኮላ ፍሬ ይተፋበታል፣ የጫማ ቀለም ተቀብቶ በጨርቅ ይወለወላል። ጠርዙ ሆን ተብሎ ይሰበርና በሽቦ ይጠገናል፤ ባለቤቶቹ ለዓመታት ሲሳሱለት የኖሩ እንዲመስል። ይህን ሁሉ የሚያስደርገው «የተጨፈረበት ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ግምጃ ቤት፦ ወንድም መሮ፣ የዘረዘርከው ሁሉ እውነት ነው፤ መደምደሚያህን ግን አልቀበለውም። ባገለገለውና ባላገለገለው መካከል ያለው ልዩነት ነጋዴ የፈጠረው ወሬ አይደለም፤ ዕቃው ላይ ይነበባል። ጭምብሉን ገልብጡና ጀርባውን እዩ። የለበሰው ሰው ግንባር፣ የጉንጭ አጥንትና አገጭ ያረፉባቸው ቦታዎች ወዝ ይዘው ይጠቁራሉ፤ ቆዳ ያልነካው ጎድጓዳ ደረቅ ሆኖ የመጥረቢያውን ምልክት እንደያዘ ይቀራል። የተቀባ ከሆነ ጀርባው ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም ነው። የዳን ጭምብል ጠርዝ ላይ ልብሱ የሚታሰርባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ገመድ ሲጎትታቸው ከኖረ በአንድ ወገን ብቻ ይበላሉ። ሆን ተብሎ የሰፋ ቀዳዳ ዙሪያውን እኩል ነው።

የነቀዝ ቀዳዳም ይናገራል። ነቀዝ ከላይ ክብ ቀዳዳ ይተዋል፤ መንገዱን የሚሄደው ግን ከውስጥ ነው። ፊቱ ላይ እንደ ቦይ ተከፍቶ የሚታይ ግማሽ መንገድ ካገኛችሁ፣ ቢላዋው የመጣው ከነቀዙ በኋላ ነው ማለት ነው። አሮጌ የተበላ እንጨት ተወስዶ እንደ አዲስ ተጠርቧል። በመሰርሰሪያ የተበሳውን ደግሞ ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ማወቅ ይቻላል፤ ቀጥ ብሎ ገብቶ እኩል ጥልቀት ላይ ይቆማል።

የዮሩባ ኢቤጂ ደግሞ ሌላ ነው። ከመንታዎቹ አንዱ ሲሞት የሚቀረጽ፣ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ምስል ነው። እናትየው ታጥበዋለች፣ ታበላዋለች፣ ካምውድ ከሚባል ዛፍ የሚገኝ ቀይ ዱቄት ትቀባዋለች፤ ፀጉሩ በኢንዲጎ ወይም በልብስ ማጠቢያ ሰማያዊ ይነከራል። ከብዙ መታጠብ የተነሣ አፍንጫውና ዓይኑ ይሟሟል፤ በክንዱና በጎኑ መካከል ባለው ስርጉድ ግን ቀዩ ዱቄት ደርቆ ይቀራል። አስመሳዮች ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሱታል፤ ያን ጊዜ የጉንጩ ጉብታም የአፍንጫው ሥርም እኩል ይለሰልሳል። የእናት እጅ የአፍንጫውን ሥር እንደዚያ አይነካውም። ይህን የመሰለ ዕቃ ከአዲሱ ጋር አንድ ነው ካልን የዚያችን እናት ሥራ ሰረዝነው።

መሮ፦ የእናትየዋን ሥራ ካነሡ እኔም ከዚያው ልነሣ። ዛሬ ብዙ የዮሩባ ቤተሰቦች ለመንታው የፋብሪካ ፕላስቲክ አሻንጉሊት ያስቀምጣሉ። ለእነሱ እውነተኛ ነው። ለሰብሳቢው ግን ዋጋ የለውም። እንግዲህ የሚገዛው አገልግሎቱን ሳይሆን የእርጅናውን መልክ ነው ማለት ነው።

በቡርኪና ፋሶ ቡዋ የሚባሉትን ሕዝቦች ተመልከቱ። የሳንቃ ጭምብላቸው ከለባሹ ራስ በላይ እስከ ሁለት ሜትር ይቆማል፤ ለባሹ በአፉ በኩል ያለፈውን ወፍራም ገመድ በጥርሱ ነክሶ ነው የሚያመጣጥነው። ቀዩ፣ ጥቁሩና ነጩ በየወቅቱ ይታደሳል፤ አሁን አሁን በሱቅ ቀለም። ከ1996 ጀምሮ በዚያው ሀገር ዴዱጉ ከተማ ላይ በሚደረገው የጭምብል ፌስቲቫል የሚወጡትን ያየ ሰው ደማቅና አዲስ ሆነው ያገኛቸዋል። በግምጃ ቤት ወንፊት ካለፍን እነዚህ «ቀለሙ የፋብሪካ ስለሆነ» ይወድቃሉ።

ግምጃ ቤት፦ በቀለሙ ላይ ልክ ነህ። የፋብሪካ ቀለም ብቻውን የሐሰት ምልክት አይደለም። ይህን ቀደም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ።

ሸማ ተራ፦ በነጋዴው በኩል የሚናገር ስለጠፋ እኔ ልናገር። ሁሉንም አሮጌ ዕቃ የተሰረቀ አድርጎ ማየት የባለቤቶቹን ውሳኔ መናቅ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ማሳ የሚባለው አዲስ እምነት በሴኑፎ ምድር ሲዛመት፣ ፖሮ የሚባለው የወንዶች ምሥጢራዊ ማኅበር ቅርጾች በብዛት ተጣሉ፣ ተቃጠሉ። ዛሬ በሙዚየም ከምናያቸው የሴኑፎ ሥራዎች መካከል ያን ጊዜ ከተጣሉት የተነሡ አሉ። ሰብሳቢ ባይኖር ምስጥ ይጨርሳቸው ነበር። ደግሞም ጭምብል ሲያረጅ ሌላ ተጠርቦ ይተካል፤ አሮጌውን ባለቤቱ ቢሸጠው ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

መሮ፦ ጋሼ ሸማ ተራ፣ ነውሩ «ባለቤቱ» የሚለው ቃል ላይ ነው። የሥርዓት ጭምብል አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፤ የዘር ወይም የማኅበር ነው። አንድ ችግረኛ ወጣት ሌሊት አውጥቶ ቢሸጠው ሻጭ እንጂ ባለቤት አይባልም። ጦርነት ሲጨመርበት ደግሞ እዩት። በሰኔ 2020 ፓሪስ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ሁለት ትልልቅ የናይጄሪያ ኢግቦ ሕዝብ የእንጨት ምስሎች በ212,500 ዩሮ ተሸጡ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ቺካ ኦኬኬ-አጉሉ ምስሎቹ በቢያፍራ ጦርነት፣ ማለትም በናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከሀገር የወጡ ናቸው፣ ሽያጩ ይቁም ብለው ነበር። አጫራቹ ሕጋዊ ነው አለ፤ ተሸጠ። ከ1967 እስከ 1970 ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ የነበረበት ቦታ ላይ «ባለቤቱ ወዶ ሸጠ» ማለት እንዴት ይቻላል?

ካራት፦ ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። የኮንሶ ዋካ በመቃብር ላይ የሚቆም የእንጨት ምስል ነው፤ ጀግናው መሐል ይሆናል፣ ሚስቶቹና የገደላቸው በአጠገቡ ይደረደራሉ። ሰብሳቢዎች ያረጀና ዝናብ ያጠበው እንጨት ስለሚፈልጉ፣ ሌቦች ከመቃብር ላይ እየነቀሉ ሸጧቸዋል። የተያዙትና የተመለሱት በኮንሶ ካራት ከተማ ባለው ሙዚየም ተሰብስበዋል። ግን ወደ መቃብሩ አልተመለሱም፤ ብዙዎቹ ከማን መቃብር እንደተነቀሉ እንኳ አይታወቅም። አንድ ምስል ከመደዳው ከወጣ የቀሩትም ታሪክ ጎደሎ ይሆናል። ጋሼ፣ «ምስጥ ይጨርሰው ነበር» ላሉት፣ ዋካ ቆሞ እንዲያረጅ ነው የቆመው። ማርጀቱ ጉዳት አይደለም።

ሸማ ተራ፦ እህቴ ካራት፣ ከመቃብር የተነቀለውን ማንም አይከራከርለትም። እኔ የምለው፣ ወረቀት ያለውና የሌለው ይለይ ነው። የቅርስ ሕገ ወጥ ዝውውርን የሚከለክለው የዩኔስኮ ስምምነት ከወጣበት ከ1970 በፊት ከሀገር መውጣቱን የሚያሳይ ፎቶ፣ ደረሰኝ ወይም የኤግዚቢሽን ካታሎግ ካለ ይሸጥ። ከሌለ አይነካ። አሁን ከናይጄሪያ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ አዲስ እንኳ ቢሆን ከብሔራዊ የሙዚየሞችና ሐውልቶች ኮሚሽን የማውጫ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በእኛም ሀገር ቅርስ የሚመስል ዕቃ ይዞ የሚወጣ ከቅርስ ባለሥልጣን ወረቀት እንደሚጠየቅ ማለት ነው። የጉሬዛ ፀጉር፣ የነብር ጥርስ ወይም የዝሆን ጥርስ ያለበት ጭምብል ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት መሠረት ፈቃድም ስለሚፈልግ፣ ያን ሳይጨርሱ መግዛት ገንዘብን ጉምሩክ ላይ መተው ነው።

ግምጃ ቤት፦ በወረቀቱ እስማማለሁ፤ ምክንያቱም ላቦራቶሪ ብቻውን አያድንም። የእንጨትን ዕድሜ የሚገምተው የካርቦን 14 ምርመራ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የበቀለን እንጨት በደንብ ይለያል፤ የዚያን ዘመን የኒውክሌር ቦምብ ሙከራ በአየሩ ላይ የጨመረው ካርቦን ምልክት ትቷልና። ከ1650 እስከ 1950 ባለው ዘመን ግን መልሱ ሰፊና አሻሚ ነው። የሚነግረንም ዛፉ የበቀለበትን እንጂ የተቀረጸበትን ጊዜ አይደለም። አሮጌ ሙቀጫ ፈልጦ ጭምብል የጠረበ ሰው ምርመራውን ያልፋል።

ዋንዛ፦ ስለ አዲሱ ሥራ እንመለስ። መሮ፣ የሚያቀርቡት አማራጭ ምንድን ነው?

መሮ፦ ስም። የኢሴው ኦሎዌ በ1938 ያረፈ የዮሩባ ቀራጭ ነው። በናይጄሪያ ላለው ለኢኬሬ ቤተ መንግሥት የጠረበው በር በ1924 ለንደን ዌምብሌይ በተደረገ ኤግዚቢሽን ታየ፤ እንግሊዞች በምትኩ ዙፋን ሰጥተው አስቀሩት፣ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው። ያን ጊዜ አዲስ ሥራ ነበር! ማንም «አልተጨፈረበትም» ብሎ አልናቀውም። በ2009 ያረፈው ላሚዲ ፋኬዬም ከቀራጭ ቤተሰብ የወጣ ነው፤ ሥራውን በስሙ፣ በግልጽ አዲስ አድርጎ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ አዲሱን በአዲስነቱ ግዙ። የቀራጩን ስም፣ መንደሩን፣ የእንጨቱን ዓይነትና የተጠረበበትን ዓመት ጠይቁ። ሻጩ «ቀራጩ አይታወቅም፣ በጣም የቆየ ነው» ካለና ወረቀት ከሌለው፣ ወይ የተሰረቀ ነው ወይ የተጨሰ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ከክርክሩ ትንሽ ልውጣ። ከአቢጃን የመጣ ጭምብል አሜሪካ በብርዱ ወቅት ከላይ እስከ ታች የሚሰነጠቀው ለምንድን ነው? ሻጮች «ስንጥቁ የዕድሜው ምልክት ነው» ይላሉ።

ግምጃ ቤት፦ አልወጡም፤ እዚያው ክርክሩ ላይ ነዎት። ስንጥቅ የዕድሜ ምስክር አይሆንም። ጭምብል የሚጠረበው ከእርጥብ እንጨት ነው፤ ሳይደርቅ ከባሕር ዳር እርጥበት ወጥቶ ሂተር ወደሚነድበት ቤት ሲገባ፣ በተለይ የዛፉ እምብርት ውስጡ ከቀረ፣ በሳምንታት ውስጥ ይሰነጠቃል። የሦስት ወር ዕቃ የመቶ ዓመት ሊመስል ይችላል። የክፍሉን እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ያቆዩት፤ ከሂተርና ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ያርቁት። ስንጥቁን በሙጫ አይሙሉት። በአሜሪካው ሞቃት ወቅት እርጥበቱ ተመልሶ እንጨቱ ሲያብጥ የሚሄድበት ያጣና ሌላ ቦታ ይከፈታል።

ጥቁር ወረቀት ላይ አስቀምጠው በሳምንቱ ይዩት። ነጣ ያለ ትኩስ ዱቄት ከወደቀ ነቀዙ በሕይወት አለ። በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ይጠቅልሉት፣ ላስቲክ ውስጥ ከተው አየሩን አስወጥተው ያሽጉትና ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ባለው ዲፕ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት ያቆዩት። ሲያወጡት ላስቲኩን ቢያንስ ለ24 ሰዓት አይክፈቱ፤ ጤዛው በላስቲኩ ላይ ይውረድ እንጂ እንጨቱን አይንካ። ቀለሙ የሚረግፍ፣ የመሥዋዕት ደም ወይም ገንፎ የደረቀበት፣ የዝሆን ጥርስ ያለበት ከሆነ ግን ፍሪዘር አይግባ፤ ለባለሙያ ይሰጥ።

ሸማ ተራ፦ መሮ፣ ስም መጠየቁን እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን ይጨመር። ስሙ ወረቀት ላይ ብቻ ከሆነ ሁለተኛው ነጋዴ ወረቀቱን ቀዶ ጭምብሉን ከምድጃ በላይ ይሰቅለዋል። ቀራጩ ራሱ ጀርባው ላይ በቢላዋ ይቅረጸው።

መሮ፦ ይቅረጸው። ጥልቅ አድርጎ፤ በብርጭቆ ወረቀት ለማጥፋት ቢሞከር እንጨቱ ሳስቶ እስኪያሳብቅ ድረስ።