እናቴን ይዤ ወደ ጁኖ ልሂድ ወይስ ይቅርብን?

ጥያቄ፣ ከሱሉልታ

ወንድሜ የሚሠራው በአሜሪካዋ አላስካ ግዛት ውስጥ ጁኖ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ለሐምሌ ለእኔና ለእናታችን ትኬት ሊቆርጥልን ነው። በተራራና በባሕር ስለተከበበች ከሌላ ከተማ በመኪና አይገባባትም አሉ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ድብ ደጅ ድረስ ይመጣል መባሉን ከሰማች ወዲህ ደግሞ ልቧ ሸሽቷል። የሄደ ሰው ካለ ስለ እግዚአብሔር ይምከረኝ።

መልስ፣ ከኮተቤ

እህቴ፣ ይዘሻቸው ሂጂ። እኔ ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆይቻለሁ። የግዛቱ ዋና ከተማ ሆና ሳለ እውነትም መግቢያዋ አውሮፕላን ወይም መርከብ ብቻ ነው፤ ከሲያትል ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይበረራል። የከተማዋ ጎዳና ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሄዶ ጫካ ውስጥ ያበቃል።

ድቡን እናንተ ሰፈር ማታ እንደሚመጣው ጅብ ቁጠሩት። ጥቁር ድብ ነው፤ የሚያመጣው የቆሻሻ ሽታ ነው። አንድ ማለዳ በመስኮት አየሁት፦ የተቆለፈውን የቆሻሻ ገንዳ በመዳፉ ገፋ ገፋ አደረገ፤ አልከፈት ሲለው አፍንጫውን አንሥቶ አየሩን አሸተተና ሄደ። መንገድ ላይ ካጋጠማችሁ ግን እንዳትሮጡ፤ እየተናገራችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ማለት ነው።

ዓሣ ነባሪውን ሳታሳያቸው እንዳትመለሺ። የብርዱን ወራት ሃዋይ አካባቢ ያሳልፍና በበጋቸው ለመብል ወደ ጁኖ ባሕር ይመለሳል። የጀልባው ሞተር ጠፍቶ ሁላችንም ዝም እንዳልን፣ ከኋላችን የአንጥረኛ ወናፍ የመሰለ ትንፋሽ ተሰማ። ዞር ስል ጥቁር ጀርባው ቀስ ብሎ ሲሰጥም ደረስኩ። ባሕር በሌለበት አድጌ በ61 ዓመቴ ይህን በማየቴ አለቀስኩ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። ለጉልበቷስ የሚከብድ ነገር አለ?

መልስ፣ ከኮተቤ

ብዙም የለም። የሜንደንሆል የበረዶ ግግር ከመሐል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪና ፊት ለፊት እስከሚታይበት ስፍራ ድረስ ያደርሳል። በረዶው ሰማያዊ ነው፤ በየዓመቱም እየቀለጠ ወደ ኋላ እየሸሸ ስለሆነ አሁን ይዩት።

መልስ፣ ከሰበታ

እኔ አንድ በጋ ሠርቼበታለሁ። ጋቢ ውኃ ይጠጣል፤ ዝናብ የማያስገባ ካፖርት ግዙላቸው። በሐምሌ መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ወንድምሽ ለመኝታቸው ወፍራም መጋረጃ ይስቀል። ፍልሰታ ሳይገባ ከደረሳችሁ ደግሞ ትኩስ ሳልሞን ያብላቸው።