ልጄ «የሰፈራችሁን ታሪክ ጻፉ» ተብሎ መጣ፤ እኛ እዚህ ማንን እንጠይቅ? (ሊድስ፣ እንግሊዝ)

የሃርሂልስ እናት

ሰላም ለዚህ ቤት። ልጄ አምስተኛ ክፍል ነው። አስተማሪው «በሰፈራችሁ ያደገ አንድ ትልቅ ሰው ስለ ልጅነቱ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ የመንገዳችሁንም የድሮ ፎቶ አምጡ» ብሎ ልኮታል። የክፍሉ ልጆች አያቶቻቸውን ይጠይቃሉ። የኔ ልጅ አያቶች አንዷ ደሴ ናቸው፣ አንዷ ኮምቦልቻ። እኛ ከጅዳ ነው የመጣነው። ትናንት ማታ «እማ፣ እኛ እኮ እዚህ ታሪክ የለንም» አለኝ። መልስ አጣሁ።

አጠገባችን አንዲት በዕድሜ የገፉ እንግሊዛዊት አሉ። ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። በራቸውን ባንኳኳ ነውር ይሆን?

ከበርሚንግሃም

እህቴ፣ ልጅሽን የላሊበላን፣ የዓድዋን ታሪክ አስተምሪው። የፈረንጅ አሮጊት ከሰል የተሸከመችበት ዘመን ምን ያደርግለታል? የእኔዎቹ ስለ እንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ሚስቶች አንድ በአንድ ይነግሩሃል፤ ቴዎድሮስ ማን ነው ስትላቸው ግን የኳስ ተጫዋች ይመስላቸዋል። ትምህርት ቤቱ የራሱን ሥራ ይሥራ፤ እኛም የራሳችንን።

በኬር ሥራ ያረጀሁ፣ ሊድስ

የሃርሂልስ እናት፣ አንኳኪ። ምንም ነውር የለውም።

እኔ የምሠራው አዛውንቶች ጋ ነው። ሥራዬ ግማሹ ማጠብና ማልበስ ነው፣ ግማሹ መስማት። እነዚህ ሰዎች የሚያወሩት አያጡም፤ የሚያጡት ሰሚ ነው። የወለዷቸው ልጆች ያንኑ ወሬ ሰምተው ሰልችተዋል። አንቺ ግን ገና አልሰማሽም፤ ስለዚህ በደስታ ይቀበሉሻል።

ብቻ «ስለ ልጅነትዎ ይንገሩኝ» ብለሽ አትጀምሪ። «ኧረ ምን የሚወራ አለው ብለሽ» ይሉሻል። የዚህ አገር ሰው ስለ ራሱ ማውራት ያፍራል፤ ስለ ዕቃ ማውራት ግን አያፍርም። ስለዚህ ስለ ዕቃ ጠይቂ። «ልብስ የት ነበር የምታሰጡት?» በያቸው። ከዚያ ሻይሽን ይዘሽ ቁጭ በይ።

ለምን ልብስ አልኩ? ሃርሂልስ ውስጥ ብዙው ቤት ጀርባ ለጀርባ የተሠራ ነው። የኋላ ግድግዳው የሌላው ቤት የኋላ ግድግዳ ነው፤ ጓሮ የለውም፤ መስኮቱም በፊት ለፊት ብቻ። ለፋብሪካ ሠራተኛ በርካሽ የተሠራ ነው። ፓርላማው እንዲህ ያለ ቤት እንዳይሠራ በ1909 ከልክሎ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሊድስ ግን ቀድሞ በተፈቀደ ፕላን እያለ እስከ 1937 ድረስ ሠራ። ጓሮ ከሌለ ልብስ የሚሰጣው መንገድ ላይ ነው። ገመዱ ከአንዱ ቤት ወደ ማዶው ቤት ይወጠራል። የልብስ ቀን ሰኞ ነው። ሰኞ ዕለት ከሰል የጫነ መኪና ወደ መንገዱ የገባ እንደሆነ ጠቡን አትጠይቂኝ። አንድ አዛውንት ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ እንባቸው ይወርድ ነበር። እናታቸው አንሶላ ይዘው ከሹፌሩ ጋር ሲከራከሩ ዛሬም ይታያቸዋል።

ሽንት ቤቱ ውጭ ነበር። ለጥቂት ቤቶች አንድ። ቁልፉ በር አጠገብ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። ወረቀቱ ተቆራርጦ ክር የገባለት ጋዜጣ ነው። ክረምት ላይ ቧንቧው በረዶ እንዳይሠራ ትንሽ የጋዝ መብራት ውስጥ ይተዉ ነበር። ሰውነት የሚታጠቡት በቆርቆሮ ገንዳ፣ ምድጃው ፊት፣ በተራ፣ ውሃው ሳይቀየር። አገራችን ለዘመድ «እንግሊዝ አገር ነኝ» ስንል ይህ አይታሰባቸውም። እኔም ስመጣ እንግሊዝ ከጥንት ጀምሮ ሙቅ ውሃ በቧንቧ የሚያገኝ ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤትሽ ወደ ሰማንያ የሚጠጉ ከሆነ ስለ ከረሜላ ጠይቂያቸው። ከረሜላ ከ1942 እስከ የካቲት 1953 በራሽን ነበር። ራሽኑ የተነሳ ቀን ሱቅ የሮጠ ልጅ ዛሬም ይህን ሲያወራ ዓይኑ ያበራል። እኔ በልጅነቴ ለስኳር ቀበሌ ሱቅ የተሰለፍኩትን ለአንዷ ስነግራቸው «እናንተም የራሽን ደብተር ነበራችሁ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በስሜ ይጠሩኛል፤ ድሮ «የኔ ቆንጆ» ነበር የሚሉኝ።

የትምህርት ቤት ወተትም አለ። ከ1946 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ተማሪ የፓይንት አንድ ሦስተኛ (ወደ 190 ሚሊ ሊትር) በነጻ ይታደል ነበር። ጥሩ ነገር ነው፤ ልጆቹ ግን በክረምት ማሞቂያው አጠገብ ተቀምጦ ለብ ያለውን ወተት አጥብቀው ይጠሉት ነበር። በ1971 ከሰባት ዓመት በላይ ላሉት ቀረ። ያኔ የትምህርት ሚኒስትር የነበሩትን ማርጋሬት ታቸርን በዚህ እስካሁን ያልማሩ አሉ። ይህን ወሬ አንዴ ካነሳሽ የፖለቲካ አቋማቸውንም ታውቂያለሽ።

አሁን ወደ ልጅሽ «ታሪክ የለንም» ልምጣ። ቅዳሜ ሥጋና ሽንኩርት የምትገዢው ከርክጌት ገበያ አይደለም? እዚያ በ1884 ማይክል ማርክስ የሚባል አይሁዳዊ ስደተኛ ጉልት ከፈተ። እንግሊዝኛው ገና ነበር። «ዋጋ አትጠይቁ፣ ሁሉም በፔኒ» ብሎ ጻፈበት። ዋጋ የማይከራከሩበት ሱቅ ቋንቋ ለማይችል ነጋዴ መላ ነው። ያ ጉልት ነው በኋላ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የሆነው።

ሌላም አለ። ሃርሂልስ አጠገብ፣ ሃድሰን ሮድ ላይ፣ የበርተን ልብስ ፋብሪካ ነበር። በደህናው ዘመን ወደ አስር ሺህ ሰው ይሠራበት ነበር፤ አብዛኛው ሴት። ባለቤቱ ሞንታግ በርተን በ1900 ከሊትዌኒያ ብቻውን የመጣ ልጅ ነው። የጎረቤትሽ እናት ወይም አክስት እዚያ ሱሪ ሰፍታ ቢሆን አልገረምም። አይሪሾቹ ከዚያ በፊት መጥተዋል። ካሪቢያኖቹ ከጦርነቱ በኋላ መጡ፤ በ1967 ቻፕልታውን ላይ የጀመሩት ካርኒቫል ዛሬም በየነሐሴው ይወጣል። ልጅሽ ይህን ይጻፍ። የሰፈሩ ታሪክ የመጤ ታሪክ ነው።

ሄዲንግሊ ያለሁ ተማሪ

የበርሚንግሃሙ ወንድሜ፣ ቴዎድሮስን ካነሳህ አይቀር ልጁ እዚሁ ሊድስ ነው የሞተው። ልዑል አለማየሁ መቅደላ በ1868 ስትወድቅ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞቱ። እንግሊዞቹ አምጥተው መጀመሪያ ዋይት ደሴት ላይ ከካፒቴን ስፒዲ ጋር አኖሩት። ንግሥት ቪክቶሪያ እዚያው ኦስቦርን ቤታቸው ተቀበሉት። ከዚያ ቼልተንሃም፣ ራግቢ፣ ሳንድኸርስት ተማረ። በመጨረሻ ሄዲንግሊ መጣና ታመመ። ኅዳር 14 ቀን 1879 አረፈ፤ ገና 18 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ዊንዘር ነው።

ስለዚህ የዚህ አገር ትንንሽ ከተሞች ትዝታ ውስጥ አንድ የኛ ልጅ ልጅነቱን ሙሉ አለ። እኔ ወደ ክፍል ስሄድ በዚያ በኩል አልፋለሁ። ለልጁ የቤት ሥራ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?

ከበርሚንግሃም

አውቃለሁ። የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የአለማየሁን አፅም አንመልስም ያለው በ2023 መሆኑንም አውቃለሁ። እሱንም ይጻፍበት እንግዲህ፤ ማርክ ይቀነስበት እንደሆነ እናያለን።

ባዝ የምኖር

ስለ ባዝ ሳይነሳ ቀረ? ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው ከ1936 እስከ 1940 እዚህ ፌርፊልድ በሚባለው ቤት ኖረዋል። ገንዘብ በጣም አጥሯቸው ነበር። የዚህ ሰፈር ሽማግሌዎች ወላጆቻቸው ካባ የለበሱ አጭር ሰውዬ በእግራቸው ሲያልፉ አይተው የነገሯቸውን ያወራሉ። ልዕልት ፀሐይ ደግሞ ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕጻናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ። ጃንሆይ ቤቱን በ1958 ለከተማው አዛውንቶች ብለው ሰጡት። ዛሬም አዛውንቶች ይሰበሰቡበታል። ብታዩት የሚያምር ቤት ነው፤ ዳገቱ ግን ለጋሪ አይሆንም።

ምሥራቅ ለንደን

እኛ ጋ ደግሞ ዉድፎርድ ግሪን አለ። ሲልቪያ ፓንክኸርስት ከ1936 ጀምሮ ለኢትዮጵያ የምትሟገት ጋዜጣ እያዘጋጀች የኖረችበት ሰፈር ነው። ልጇ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ያደጉትም እዚያው ነው። ሲልቪያ ከአየር የሚጣል ቦምብን ለመቃወም ያቆመችው የድንጋይ ቦምብ ዛሬም ዋናው መንገድ ዳር አለ። ሰው አውቶቡስ ሲጠብቅ አይቶ ያልፈዋል። እኔ የጣሊያንን መርዝ ጋዝ ታሪክ ለልጆቼ የነገርኳቸው እዚያ ቆሜ ነው። ቴሌቪዥን ፊት ቢሆን አይሰሙኝም ነበር።

በኬር ሥራ ያረጀሁ፣ ሊድስ

አሁን ፎቶውን እንጨርስ። «ሊዮዲስ» ብለሽ ኢንተርኔት ላይ ፈልጊ። የሊድስ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ፎቶ ማከማቻ ነው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፎቶ አለው። የመንገድሽን ስም ጻፊ። ከፎቶዎቹ ሥር ሰዎች «ይህ የአክስቴ በር ነበር» እያሉ የጻፉትንም አንብቢ፤ አንዳንዴ ከፎቶው ይበልጣል። ሰፈርሽ ፈርሶ እንደገና የተሠራ ከሆነ ደግሞ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ የእንግሊዝም የድሮ ካርታ በነጻ አለ።

ቤትሽ ውስጥ ማን ይኖር እንደነበር ለማወቅ የ1921 ሕዝብ ቆጠራ ተከፍቷል። የ1931ዱ በእሳት ወድሟል፤ በ1941 በጦርነቱ ምክንያት አልተቆጠረም። ክፍተቱን የሚሞላው መስከረም 29 ቀን 1939 የተደረገው የሕዝብ ምዝገባ ነው፤ ሥራቸውንም ይጽፋል። ሄደሽ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ያለውን የአካባቢ ታሪክ ክፍል ጠይቂ። እዚያ ያሉት ሠራተኞች እንዲህ ያለ ጥያቄ ይወዳሉ፤ ልጁን ይዘሽ ሂጂ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሁሉም ትዝታ ደስ አይልም። ጦርነቱ፣ የሞተ ወንድም፣ የሚጠጣ አባት ይመጣል። ዝም ካሉ ልጁ «ከዚያስ?» እንዳይል ንገሪው። እናንተ ስለ ጅዳ ቢጠይቋችሁ ሁሉን ትናገራላችሁ?

የሃርሂልስ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አንኳኳሁ። ልብስ የት ታሰጡ ነበር ብዬ ስጠይቃቸው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። እናታቸው በርተን ፋብሪካ የእጅጌ ቁልፍ ቀዳዳ ይሠሩ ነበር አሉ። ከዚያ የልጄን እጅ ይዘው ማዶ ያለውን ግድግዳ፣ ገመዱ የሚታሰርበትን መንጠቆ አሳዩት። እስካሁን እዚያው ነው። እኔ እዚህ ስኖር አይቼው አላውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት ኑ ብለውናል። ድፎ ልጋግር ወይስ ከሱቅ ኬክ ልግዛ? ጥርሳቸው አርቲፊሻል ይመስለኛል።

በኬር ሥራ ያረጀሁ፣ ሊድስ

ድፎ። ዳር ዳሩን ቆርጠሽ ለስላሳውን አቅርቢላቸው። ቅቤ አስቀምጪ፣ ጥቁር አዝሙዱን ቀነስ አድርጊ። ስልክ ላይ ድምፅ ልትቀጂ ከሆነ መጀመሪያ አስፈቅጂ። ለቴሌቪዥን ድራማቸው ሰዓትም እንዳትደርሺ፤ ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ራሳቸውን ጠይቂ።